በባቄላ የደነገጠች ከተማ

ሥራ ውዬ ስመለስ የቤቴ በር ስሜን ይጠይቀኛል። «ሱራፌል ነዎት?» ይላል፤ ድምፁ ለስላሳ ነው፣ አይቸኩልም። እኔም አንድ እጄ በዘንቢል፣ አንድ እጄ በጃንጥላ እንደተያዘ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አደርጋለሁ። በሩ አይከፈትም። ትንሽ ይጠብቅና «መልስዎ አልተሰማም። ሱራፌል ነዎት?» ይላል። ያን ጊዜ «አዎ» እላለሁ፤ ይከፈታል። ይኼ እንግዲህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ መጀመሪያ በትንፋሽ፣ ቀጥሎ በቃል መልሼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ልማዱ የእናቴ ነው። እናቴ «አዎ» የሚለውን ቃል ከአፏ የምታወጣው ለቀበሌ ሰው ብቻ ነበር። እኛ ስናወራት አየር ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች፤ ከንፈሯ ገርበብ፣ ቅንድቧ ከፍ ይላል፣ በቃ። ሰማሁ ማለቷ ነው። ገባኝ፣ ቀጥል ማለቷ ነው። በእሷ ጊዜ ሰው ሁሉ እንዲህ ነበር የሚመልሰው። በኋላ የሚጠይቁ በሮች መጡ፣ የሚጠይቁ ሊፍቶች መጡ፣ «ውሃ ልክፈት?» የሚሉ ቧንቧዎች መጡ። ለእነሱ ትንፋሽ መልስ አይደለም። ወላጆች ልጆቻቸውን «በአፍህ መልስ፣ በአፍህ» እያሉ አሳደጉ፤ አለዚያ ልጁ ሊፍት ውስጥ ቆሞ ይቀራል። በዚህ በ2088 ዓ.ም. በትንፋሽ የሚመልስ ወጣት ይኖራል ብዬ አላስብም ነበር።

ሥራዬ ማዳመጥ ነው። በአንድ የቴሌቪዥን ጣቢያ ውስጥ፣ ሃያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መስኮት በሌለው ክፍል እቀመጣለሁ። ቴሌቪዥኑ ለሰው እንደሚያሳየው ሁሉ ሰውንም ይሰማዋል። የሰማውን መዝጋቢ የምንላት ማሽን በአምስት ዓምድ ትከፍለዋለች፦ ሳቅ፣ ማዛጋት፣ ለቅሶ፣ ድንጋጤ፣ ተነሥቶ መሄድ። የሰው ንግግር በሕግ የተጠበቀ ስለሆነ ወደ እኔ ሲደርስ ተፈጭቶ እንደ ንብ ድምፅ ነው። ሳቅና ትንፋሽ ግን እንዳለ ይመጣል። የእኔ ድርሻ ከየፕሮግራሙ አርባ ቤት አንሥቼ መዝጋቢዋ መሳሳት አለመሳሳቷን ማረጋገጥ ነው። በቤቴ በር ላይ ያለው ጆሮና ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ጆሮ የአንድ ድርጅት ሥራ ነው፤ አንዱ የተማረውን ሌላው ሰዓት ሳይሞላ ያውቀዋል።

ትምህርቴ አሥረኛ ክፍል ላይ ቆሟል። ማዳመጥን የተማርኩት በልጅነቴ ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ቆሜ ነው። ውስጡ ሲሞላ ውጪ የሚቀር ሰው ቅዳሴውን በጆሮው ነው የሚከተለው፤ መቼ እንደሚሰግድ፣ መቼ እንደሚቆም ከድምፁ ያውቃል። ከዚያ የተለየ ሙያ የለኝም።

«ቅጠሊቱ» ሐሙስ ሐሙስ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሚተላለፍ አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው አንድ ሕንፃ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። እንደ ሁሉም ትምህርት ቤት ሜዳው ወለሉ ላይ የተቀባ ነው፤ ዛፎቹ ግድግዳው ላይ ይወዛወዛሉ። እዚያ ውስጥ አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ አለች፤ ከቧንቧ ስንጥቅ የበቀለ ሣር ስታይ ጎንበስ ብላ «ደህና አደርክ?» የምትል። ተማሪው «ቅጠሊቱ» ይላታል። እርሳስ መያዣዋ ውስጥ ቀንድ አውጣ ታኖራለች። የጉንዳን ሰልፍ ካየች ቁጭ ብላ ስም ትጠራለች፤ ሲያልቅ «የቀረ አለ?» ትላለች። ጓደኛዋ ሚካል በሕይወቷ ዝንብ አይታ የማታውቅ ልጅ ነች። ርዕሰ መምህሩ አቶ ፈንታ ደግሞ አፈር ሕንፃው ውስጥ እንዳይገባ የከለከሉ ሰው ናቸው፤ የአቧራ መቆጣጠሪያው በጮኸ ቁጥር ጫማቸውን አውልቀው በካልሲ ይሮጣሉ። ሰዉ እዚህ ላይ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ።

ቅጠሊቱን ሆና የምትጫወተው ትርንጎ የምትባል የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ናት። ከሞጣ በኩል ነው የመጣችው፤ በሮች ገና መጠየቅ ካልጀመሩበት ቀበሌ። ለፈተና የመጣች ቀን አዘጋጆቹ አንድ እንከን አግኝተውባት ነበር፦ ስታወራ መሀል ላይ ትቆማለች። «ቃሉ ጠፍቷት ነው» አሉ። አልጠፋትም፤ ዝም ብላ ሰው ታያለች፣ ከዚያ ትቀጥላለች። ልማዱን ሊያስተዉአት ሞክረው አልሆነላቸውም። ተዉት።

ሰኞ ጠዋት የፕሮግራሙ ኃላፊ ኖላዊት ቢሮዋ አስጠራችኝ። ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሥራ ትወዳለች። ጠረጴዛዋ ላይ የስኳር ዕቃ የምታህል መዝጋቢ ተቀምጣለች። ሁላችንም ጠረጴዛ ላይ አለች፤ ሠራተኛ ሲታመም ወይም ሲደነግጥ ለክሊኒኩ የምትናገረው እሷ ናት።

«ጋሽ ሱራፌል፣ ይቀመጡ። ደብዳቤ መጥቷል» አለችኝ።

«ከማን?»

«ከቤተሰብ ሰዓት ቦርድ። አስፈሪ ፕሮግራም እያስተላለፋችሁ ነው ይላሉ።»

«የትኛውን?»

«ቅጠሊቱን።»

ቀልድ መስሎኝ ጠበቅሁ። አልሳቀችም። ደብዳቤውን አዞረችልኝ። ከሺህ ቤት በሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ድንጋጤ ተመዝግቧል። በቤተሰብ ሰዓት የተፈቀደው አርባ ነው።

«ያ የጅቦቹ ዘጋቢ ፊልም ስንት ነበር?» አልኳት።

«ሠላሳ አንድ።»

ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ደብዳቤውን አየነው።

«እኔ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስልዎት» አለች ኖላዊት። «እባቡን ከድራማው አወጣሁ፤ የጎማ እባብ ነው እኮ። ሸረሪቷን አወጣሁ። ቀንድ አውጣውን ሳይቀር አወጣሁ፤ ልጆች አልቅሰው ደብዳቤ ጻፉብኝ። ድንጋጤው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ባለፈው ሐሙስ የቀራት ምን ነበር? ባቄላ። አንድ ፍሬ ባቄላ። የት ቦታ ላይ የደነገጡ ይመስልዎታል?»

«ባቄላው ላይ?»

«ባቄላው ላይ።»

«ሰው ባቄላ ይፈራል?»

«እኔም እንደዚሁ ጠየቅኋቸው። መረጃው ይናገራል አሉኝ።» ደብዳቤውን አጠፈችው። «የዚህ ሐሙስ ውጤት ከአርባ ካልወረደ ተፈጥሮው በሙሉ ከድራማው ይወጣል። ቅጠሊቱ ዳንሰኛ ትሆናለች።»

«ትርንጎስ?»

«ትርንጎ መደነስ አትችልም። ባለፈው ዓመት በዓል ላይ አይተዋታል።»

አይቻታለሁ።

ወደ ክፍሌ ተመልሼ ያለፈውን ሐሙስ እንደገና ከፈትኩ። በአርባ ቤቶች ውስጥ የተባለውን ቦታ ፈለግሁ። ባቄላው ያለው አቶ ፈንታ ሦስት ሳምንት ሲፈልጉት በከረሙት ኮፍያ ውስጥ ነው። ኮፍያው በእርጥብ ጥጥ ተሞልቶ ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ ተደብቋል። ሚካል አጎንብሳ ታይና «ምንም የለውም እኮ። ሞቷል» ትላለች። ቅጠሊቱ ትመልስላታለች፦

«አልሞተም። ባቄላ መጀመሪያ የሚልከው ቅጠሉን አይደለም። ሥሩን ነው። ማንም ሳያየው፣ በጨለማ፣ ቁልቁል...»

እዚህ ላይ ትቆማለች።

«...ውሃውን ካገኘ በኋላ ነው ቀና የሚለው።»

መዝጋቢዋ ድንጋጤ ያለችው ያንን መቆም ነው። አዳመጥኩት፤ ምንም አልሰማሁም። ደገምኩት። ሦስተኛም ደገምኩት። በአራተኛው የራሴን ደረት አስተዋልኩ። ትርንጎ በቆመች ቁጥር እኔም ትንፋሼን ሳብ አደርጋለሁ፤ የራሴ ትንፋሽ ጆሮዬን እየሞላ የቤቶቹን ይሸፍንብኛል። ስንት ሐሙስ አብሬያቸው ስስብ ኖሬ አልሰማኋቸውም። በአምስተኛው አፌንም አፍንጫዬንም በመዳፌ ይዤ ጠበቅሁ።

መጣ። ከአንዱ ቤት ወፍራም፣ ከአንዱ ቤት ቀጭን። የደነገጠ ሰው ትንፋሹን ስቦ ይይዘዋል፤ ከዚያ ወይ ይጮኻል ወይ በስመ አብ ይላል። እነዚህ ግን ሳብ አድርገው ወዲያው ለቀቁት። በአሥራ ሰባተኛው ቤት አንድ ከባድ ትንፋሽ አለ፣ የሽማግሌ ይመስላል፤ ከሱ ቀጥሎ፣ ትንሽ ዘግይቶ፣ አንድ የሕፃን ትንፋሽ አለ። ሕፃኑ ገና እየለመደ ነው። አየሩ በዛበትና አስነጠሰው፤ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። በሃያ ሦስተኛው ቤት ወጣቶች ናቸው ያሉት፤ ሳቃቸው ያስታውቃል። እነሱም ሳቡ። የሚጠይቃቸው ማሽን ስላልነበረ ነው፤ ሰው ነበረች የምታወራቸው፣ ቆማም ጠበቀቻቸው።

«ተመስገን» አልኩ ብቻዬን።

«በዚህ ፎቅ ተመስገን የሚባል ሠራተኛ የለም» አለችኝ ጠረጴዛዬ ላይ ያለችው መዝጋቢ።

ኖላዊት ምሳዋን ስትበላ ነው የደረስኩት።

«ድንጋጤ አይደለም» አልኳት። «መልስ ነው። አዎ እያሏት ነው።»

«በምን?»

«በትንፋሽ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ጋሽ ሱራፌል፣ እኔ አሁን ቦርዱ ፊት ቆሜ ሕዝቡ በትንፋሽ አዎ እያለ ነው ልበል?»

«እውነቱ እሱ ነዋ።»

«እውነቱንማ ነገሩኝ። ማስረጃውስ? እኔ እንዲህ የሚያደርግ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«አይተሻል። ልብ አላልሽውም።»

«እርስዎስ ከየት አወቁት?»

ክርክር አልችልበትም። የተጠየቅሁትን ግን መመለስ እችላለሁ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

«እናቴ ደብረ ወርቅ የምትኖር ታላቅ እህት ነበረቻት» አልኳት። «እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ በስልክ ይገናኛሉ። የምታወራው አክስቴ ብቻ ናት። እናቴ አንድ ቃል አትተነፍስም፤ ሳብ፣ ሳብ ብቻ። የዚያን ጊዜ ስልክ ደግሞ ድምፅ ካልሰማ መስመሩ ላይ ሰው የለም ብሎ ይዘጋው ነበር...»

ቆምኩ። ልቁም ብዬ አይደለም፤ እኛ ቤት ሲወራ እንዲህ ነው።

ኖላዊት ትንፋሿን ሳብ አደረገች።

«ኖላዊት፣ ድንጋጤ ተመዝግቧል» አለች መዝጋቢዋ። «ደህና ነዎት?»

«ደህና ነኝ» አለቻት ኖላዊት ሳታያት። «እሺ፣ ዘጋው። ከዚያስ?»

«ከዚያማ እናቴ መልሳ ትደውላለች። አክስቴ ሃሎ እንኳን አትልም፤ ካቆመችበት ቃል ነው የምትቀጥለው። አንድ እሑድ ሰባት ጊዜ ተዘጋባቸው። ሰባት ጊዜ ደወለች። ኋላ አክስቴ ስታርፍ...»

«ሁለተኛ ድንጋጤ ተመዝግቧል።»

ኖላዊት እጇን ወደ መዝጋቢዋ ወርወር አደረገች፣ ዝም በይ እንደማለት። ዓይኗ እኔ ላይ ነው።

«...እናቴ እሑድ ሲመጣ ስልኩን ይዛ ትቀመጥ ጀመር። አትደውልም፤ ጆሮዋ ላይ አድርጋው ትቀመጣለች። ልወስድባት ስሄድ አባቴ ያዘኝ። ምን እያደረገች ነው ብዬ ስጠይቀው፣ ተዋት፣ እየሰማቻት ነው አለኝ።»

«ሦስተኛ ድንጋጤ ተመዝግቧል። ክሊኒክ ተጠርቷል።»

ይኼኛውን ኖላዊት ሰማችው። ከንፈሯ ገርበብ፣ ቅንድቧ ከፍ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብላ መዳፏን ደረቷ ላይ አሳረፈች።

«አሁን ምን አደረግሁ?»

«አዎ አልሽ።»

«ሦስቴ?»

«ሦስቴ።»

በሩ ተበርግዶ የክሊኒኳ ሲስተር ብርክቲ ገባች። በአንድ እጇ ቦርሳ፣ በሌላው የውሃ ጠርሙስ ይዛለች። «ማነው የደነገጠው?»

«ማንም» አለች ኖላዊት።

«እንዴት ማንም? ስምንት ፎቅ በደረጃ ሮጬ የወጣሁት ለማንም ነው?»

«ሲስተር፣ ተቀመጪ፣ ውሃውን አንቺው ጠጪው። ጋሽ ሱራፌል፣ ስልኩን ከመጀመሪያው ይንገሯት።»

ነገርኳት። አክስቴ ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች የሚለው ላይ ስደርስ ቆምኩ። ሲስተር ብርክቲ ጠርሙሱን እንደያዘች ሳብ አደረገች።

«እንግዳ፣ ድንጋጤ ተመዝግቧል» አለች መዝጋቢዋ። «ክሊኒክ ተጠርቷል።»

«ክሊኒኩ እኔ ነኝ» አለቻት ሲስተር።

ኖላዊት ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ሳቀች። ሳቁን መዝጋቢዋ ያለ አንዳች ስሕተት መዘገበችው።

ከሰዓት በኋላ ኖላዊት ለቦርዱ ሊቀመንበር ስልክ ደወለች። በዕድሜ ከእሷ ብዙ የማይበልጡ ሰው ናቸው አሉ፣ ጥብቅ። አልተከራከረቻቸውም። የእናቴንና የአክስቴን ነገር እንደነገርኳት አድርጋ ነገረቻቸው፤ የቆምኩበትም ቦታ እየቆመች። ከወዲያ በኩል ቢሯቸው ያለችው መዝጋቢ አራት ጊዜ ስማቸውን ስትጠራ እስከ እኔ ድረስ ይሰማ ነበር።

«አንድ ሐሙስ» አሉ ሊቀመንበሩ በመጨረሻ። «ለሙከራ አዲስ ዓምድ ክፈቱ። ግን ድራማው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑ እያንዳንዱን ቤት ደንግጣችሁ ነበር ወይ ብሎ ይጠይቅ። ከሺህ ከአርባ በላይ አዎ ካለ፣ ልጅቷ ትደንሳለች።»

ትርንጎን ያገኘኋት የተዋንያን መልበሻ ክፍል ውስጥ ነው። ቦርሳዋ ተቆልፎ በር አጠገብ ቆሟል። መስተዋቱ ፊት አንድ ሰሃን ላይ ቀንድ አውጣው የጎመን ቅጠል ይበላል።

«ምነው ቦርሳው?» አልኳት።

«ሊያስደንሱኝ ነው አሉ፣ ጋሼ። ከመደነስ አገር መግባት ይሻለኛል። እሱም ቢሆን ሥራ ፈቷል» አለችና ወደ ቀንድ አውጣው ጠቆመች። «አብረን ነን የምንሄድ።»

የሆነውን ነገርኳት። ሰው አልደነገጠባትም፤ እየመለሰላት ነው። ከአሥራ ሰባተኛው ቤት ሕፃን ጀምሬ እስከ ሲስተር ብርክቲ ድረስ ነገርኳት። ስቃ ስቃ ጨረሰች።

«እኔኮ ስቆም ሞኝ የምመስል ይመስለኝ ነበር» አለች። «ካሜራው አይመልስ፣ ግድግዳው አይመልስ። ዝም ብዬ ነበር የምቆመው፤ ምናልባት ሰው ካለ ብዬ።»

«አለ። የሚያይሽ ስድሳ ሺህ ቤት።»

ፊቷን ወደ ቀንድ አውጣው አዞረች፤ ቅጠሉን አስተካከለችለት። ዓይኗን እስክትጠርግ ጠበቅኋት።

«አሁን አንድ ነገር ቀርቷል» አልኳት። «ዓምዱ ስም ይፈልጋል። ኖላዊት አዎ እንበለው ትላለች።»

«እንዴ፣ ጋሼ፣ አዎ ብቻ ነው እንዴ? የሚያሳዝን ነገር ሲነገርስ እንስብ የለም? እሺ በማይባልበትም እንስባለን።» አሰበች። «እኛ አገር ስም የለውም። ለትንፋሹ ስም የሚያወጣ ማን አለ? ግን ካስቸገሯችሁ... አለሁ በሉት።»

ኖላዊት ያንኑ ጻፈች። ስድስተኛው ዓምድ «አለሁ» ተባለ።

ሐሙስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲቃረብ ኖላዊት ክፍሌ መጣች። አርባ ቤት አልከፈተችልኝም፤ ሁሉንም ከፈተችው። ሁለተኛ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። ስድሳ ሺህ ቤት አንድ ላይ ሲሰማ ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር፤ የሰው ሁሉ ንግግር ተፈጭቶ አንድ ትልቅ ቀፎ ይሆናል፤ መሀል መሀል ላይ ሳህን ይንኳኳል፣ የሕፃን ለቅሶ ይመጣል። አማተብኩ።

ድራማው ተጀመረ። አቶ ፈንታ ኮፍያቸውን አገኙት። ባቄላው አንድ ክንድ ሆኗል፣ ሁለት ነጭ አበባ አውጥቷል። የአቧራ መቆጣጠሪያው ይጮኻል፣ እሳቸው በካልሲ ይሮጣሉ፣ ሚካል ከኋላቸው «አቶ ፈንታ፣ ቀስ ብለው፣ አበባው» እያለች ትሮጣለች። ስድሳ ሺህ ቤት ሳቀ። ማዳመጫው ጆሮዬ ላይ ሞቀ።

ከዚያ አቶ ፈንታ ኮፍያውን ይዘው ቆሙ፤ በአንድ ጣታቸው ግንዱን ሊነቅሉት ያዙት። ቅጠሊቱ ፊት ለፊታቸው ናት። አትለምናቸውም።

«አቶ ፈንታ» ትላለች፣ «ይኼ ባቄላ የእርስዎን ጭንቅላት ያውቀዋል። ሥሩን የሰደደው ላብዎ በደረቀበት ቦታ ላይ ነው። ሃያ ዓመት ስለ እኛ እያሰቡ ላብ ያፈሰሱበት...»

ቆመች።

በዚያች ቅጽበት ቀፎው ጸጥ አለ። ከዚያ መጣ። ከደቡብ ጫፍ ይሁን ከሰሜን አላውቅም፤ ከየቤቱ፣ አንዱ ቀድሞ አንዱ ተከትሎ፣ ከተማዋ ትንፋሿን ሳብ አደረገች። ዝናብ ሊጥል ሲል ቅጠሉን ሁሉ የሚያነሣ ንፋስ አለ፤ እንደዚያ ነበር። ኖላዊት ክንዴን ያዘችኝ። እሷም ሳበች። እኔ ግን እንዳልሸፍነው ብዬ አፍና አፍንጫዬን ይዤ ነበር፤ አንዲት ትንፋሽ እንኳን እንድታመልጠኝ አልፈለግሁም።

«...እርስዎ ላይ ነው የበቀለው» አለች ቅጠሊቱ።

አቶ ፈንታ ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ኮፍያውን እንዳለ፣ ከነጥጡ፣ ከነባቄላው፣ ጭንቅላታቸው ላይ ደፉት። ውሃው በግንባራቸው ወረደ። «ክፍል ግቡ» አሉ በክብር። ድራማው አለቀ።

ሳቁ ገና ሳያበቃ ቴሌቪዥኖቹ በቦርዱ ትእዛዝ በአንድ ድምፅ ጠየቁ። ያ ለስላሳው፣ የማይቸኩለው ድምፅ ነው።

«የተከበራችሁ ቤተሰቦች፣ አሁን ባያችሁት ባቄላ ደንግጣችሁ ነበር?»

ለአፍታ ምንም አልተሰማም። ሰዉ ጥያቄውን እየተረዳው ነው። ከዚያ የመጣውን ሳቅ በሃያ አንድ ዓመት ሥራዬ ሰምቼው አላውቅም። ሽማግሌው ሳቀ፣ ሕፃኑ ሳቀ፣ የአሥራ ሰባተኛው ቤት ሰው ሳል እስኪይዘው ሳቀ። መዝጋቢዋ የዓመቱ ከፍተኛ ሳቅ ብላ መዘገበችው፤ ያሳቀው ቦርዱ ነው። ከሺህ ቤት ሦስቱ ብቻ አዎ አሉ። ከሦስቱ አንደኛው፣ ቆይቶ እንደተጣራው፣ ሲጠየቅ ብቻ ነው የደነገጠው።

የሊቀመንበሩ መልእክት አምስት ደቂቃ አልፈጀም። «ጸድቋል» ይላል። ከሥሩ ደግሞ «ቀንድ አውጣውን መልሱልን፤ ልጄ ትጠይቃለች» የሚል አለ። ኖላዊት የ«አለሁ»ን ዓምድ ማጽደቂያ ተጫነችና ማዳመጫዋን አውልቃ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ከኮሪደሩ የትርንጎ ጫማ ኮቴ ይሰማል፤ ቦርሳዋን ወደ መልበሻ ክፍሉ መልሳ እየጎተተች ነው። መልካም ምሽት ብያቸው ወጣሁ።

ገና አልጨለመም ነበር፤ ሰማዩ ዳር ዳሩ ላይ ብርሃን አለው። ዳቦ ገዛሁ። ለማላውቃት ሴት ሊፍቱን ያዝኩላት። ፎቄ ላይ ደርሼ፣ ዘንቢሌን በአንድ እጄ፣ ጃንጥላዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ ከቤቴ በር ፊት ቆምኩ።

«ሱራፌል ነዎት?» አለኝ።

እንደ ልማዴ ትንፋሼን ሳብ አደረግሁ። ቀጥሎ «አዎ» ልል አፌን ስከፍት በሩ ተከፍቶ አገኘሁት። ቤቴ ውስጥ መብራቱ በርቷል፤ ወንበሬ እንደተውኩት አለ።

እዚያው ደጃፉ ላይ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ ዘንቢሉንና ጃንጥላውን ውስጥ አስቀመጥኩ፣ ተመልሼ ወጣሁ፣ በሩን ከውጪ ዘጋሁት። የለበስኩትን ኮት አስተካክዬ ፊቱ ቆምኩና እንደገና እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ።